የዕቁብ ገንዘብና የሮታሪ ሞተር

በዚህ ሳምንት ለቤተሰብ አምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከአንዲት የወታደር ባለቤት የተጻፈ ነው። ወንድሟ በኡጋንዳ ርእሰ ከተማ በካምፓላ፣ ሙየንጋ በተባለው ሠፈር ነዋሪ ሲሆን፣ አንዲት ያገለገለች ማዝዳ አር ኤክስ 8 ገዝቷል። መኪናዪቱ በሜዳ ላይ ደኅና ስትሄድ ቆይታ ዳገቱን ግን እያቃሰተች ስለምትወጣ፣ «ቱርቦ ላስገጥምላት ነውና ዕቁብሽ ሲወጣ አበድሪኝ» ሲል ጽፎላታል። ባለቤቷ በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል የሚያገለግል በመሆኑ ሐሳቡን ወዶታል። እርሷ ግን ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ መሆኑን ገልጻ፣ «እነርሱ የሚያውቁት ሞተሩን ነው፤ እኔ የማውቀው ብሩን ነው፤ ማናችንን ትሰማላችሁ?» ስትል ትጠይቀናለች።

ሦስቱንም እንሰማለን። ከሞተሩ አስቀድሞ ግን ስለ ኮረብታው ጥቂት እንበል።

ሙየንጋን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ታንክ ሂል ይሉታል። ታንክ የተባለው ጓዶቻችን ወዲያው እንደሚገምቱት ባለ ሰንሰለቱ ብረት ለበስ ሳይሆን፣ በአናቱ ላይ የተሠራው የከተማዪቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ከግርጌው በካባላጋላ እንጀራና ቡና የሚያቀርቡ የአገራችን ሰዎች ስላሉ ስሙ ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቈረቈረች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ከስምንት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ቱርቦ አየሩን በግድ እየሞጀረ ይህን ጉድለት ሊመልስ ይችላል። ወንድማችን በዚህ አልተሳሳተም። ጥያቄው የእርሱ ሞተር ይሸከመዋል ወይ? የሚለው ነው።

የሮታሪ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተንም ሆነ ቫልቭ የለውም። ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ማዕዘን ያለውና ጎኖቹ ያበጡ ብረት ይዞራል። ሦስቱ ጎኖች በየተራቸው አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያነድዳሉ፣ ጢሱን ያስወጣሉ። አር ኤክስ 8 ሁለት እንዲህ ያሉ ብረቶች አሏት። ጠቅላላ ይዘታቸው 1,308 ሲሲ ብቻ ሲሆን፣ መኪናዪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ለገበያ ስትቀርብ እንደ ዓይነቷ 210 ወይም 250 የፈረስ ጉልበት እንዳላት ተገልጾ ነበር። ወጣቶችን የሚማርካቸው ይኸው ነው።

ዕዳው ያለው በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ ነው። በየጫፉ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ተሰክታለች፤ በተለመደው ሞተር የፒስተን ፋሻ የሚሠራውን ሥራ የምትሠራው እርሷ ናት። ስድስት ናቸው፤ የሞተሩ ዕድሜም ከእነዚህ ምላሶች ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ፌሊክስ ቫንከል የፈለሰፈውን ይህን ሞተር ለሽያጭ ያበቃው የጀርመኑ ኤን ኤስ ዩ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሮ 80 የተባለችውን መኪና ሲያወጣ ምላሶቹ ቶሎ እያለቁ በዋስትና ሞተር መለወጡ ክፉኛ ጎዳው፤ በ1969 በፎልክስዋገን ሥር ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ። በጃፓን ደግሞ ኬኒቺ ያማሞቶ የመራቸው የማዝዳ መሐንዲሶች፣ ምላሶቹ በግድግዳው ላይ የሚተዉትን ጭረት የሰይጣን ጥፍር ብለው እየጠሩ ለዓመታት ታገሉት። አንድ ኩባንያ የተጎዳበትን ዕዳ አንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ሳይመረምር ሊገባበት አይገባም።

እንግዲህ ከአንድ ሳንቲም ጉልበት በፊት የሚገዛው ምርመራ ነው። የመጨረሻዪቱ አር ኤክስ 8 የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ2012 ስለሆነ፣ ዛሬ የምትሸጠው ሁሉ በብዙ እጅ ያለፈች ናት። የኮምፕሬሽን ልክ ይለካ፤ ግን በተራ መለኪያ አይደለም። ተራው መለኪያ ከሦስቱ ጎኖች የበለጠውን ብቻ ስለሚያሳይ የደከመው ጎን ተሸሽጎ ያልፋል። ለሮታሪ የተሠራው መለኪያ ግን እያንዳንዱን ጎን ለይቶ ስድስት ቁጥር ይሰጣል። ፋብሪካው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ 250 ዙር 680 ኪሎፓስካል ነው፤ በሦስቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነትም ከ150 መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ ኮረብታውን ማስታወስ ያሻል፤ በካምፓላ አየር ያው ዝቅተኛ ልክ ወደ 600 ገደማ ይወርዳል። ከፍታውን ሳያስብ «ሞተርህ ሞቷል» የሚል መካኒክ ጤነኛውን ሊያስቀብር ይችላል።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ርካሹ ጉልበት የጠፋውን መመለስ ነው። አራት ካንዴላና አራት ቦቢና አሉ። የዚህች መኪና ቦቢና ቶሎ ይደክማል፤ አንዱ ሲደክም ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጢስ ማጣሪያው ይገባና እዚያ ይነድዳል፤ ማጣሪያው ቀልጦ ይደፈናል፤ ጢሱ መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱም ተመልሶ ምላሶቹን ይጠብሳል። ዳገት ላይ ለሚሰማው ማቃሰት በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው። ወንድማችን ከኪሴካ ገበያ ያገለገለ የበር እጀታ ቢገዛ አንቃወምም፤ ቦቢናና ካንዴላ ግን አዲስ ይሁን። የተደፈነው ማጣሪያ ከተለወጠ በኋላ፣ ከካቱዌ ብረት ሠሪዎች ሰፋ ያለ የጢስ ቧንቧ ማሠራት ጥቂት ይጨምርለታል። የሮታሪ ጢስ ከሌላው ሞተር ጢስ ይበልጥ ስለሚሞቅ ግን ስስ ላሜራ አይበረክትም። ከዚህ ቧንቧ ብዙ የሚያገኙት የቀድሞዎቹ ባለ ካርቡራተር አር ኤክስ 7ቶች ናቸው።

ስለ ዘይትም እንንገር፤ ባሎች የሚረሱት፣ ሚስቶች ደግሞ «መኪናው ዘይት ይጠጣል» ብለው የሚደነግጡበት ነው። መጠጣቱ ብልሽት አይደለም። ምላሶቹ እንዲለሰልሱ ሞተሩ በራሱ ፓምፕ ዘይት ወደ ማንደጃው ይረጫል። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር የዘይት ልክ ይታይ። ብዙ የሮታሪ ባለሙያዎች በተጨማሪ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሆን ዘይት፣ ለ50 ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር ያህል ይቀላቅላሉ። የጀልባ ሞተር ዘይት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከሙየንጋ ወርዶ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለው በጋባ የጀልባ ወደብ ጀልባኞቹን ቢጠይቅ ከየት እንደሚገዙት ያሳዩታል። ራዲያተሩም ይጠረግ። ይህ ሞተር አንድ ጊዜ አብዝቶ ከጋለ፣ በብረቶቹ መካከል ያለው የውኃ ማሸጊያ ስለሚበላሽ ሞተሩን ከማውረድ በቀር ማዳኛ የለውም።

የአየር መግቢያ ቀዳዳዎችን በሞረድ ማስፋት የሚሉት ዘዴ አለ። እውነተኛ ጉልበት ይሰጣል። ግን ከብረቱ የተሞረደው አይመለስም፤ ቀዳዳው ከልኩ ካለፈ ማሸጊያዎቹ መደገፊያ ያጣሉ፤ ሚኒሞውም ይረበሻል። ሞተሩ በሌላ ምክንያት የተፈታ ዕለት፣ ልኩን በሚያውቅ እጅ ቢሠራ ወጪው ይቀላል። ለዚህ ሲባል ብቻ ጤነኛ ሞተር መፍታት ግን አባካኝነት ነው።

ወደ ቱርቦው እንመለስ። ማዝዳ ራሱ ቱርቦ የገጠመላት የ1991 አር ኤክስ 7፣ የእመቃ ልኳ 9 ለ1 ሆኖ፣ ቤንዚኑም ማቀዝቀዣውም ለቱርቦ የተሰናዳ ነበር። የአር ኤክስ 8 ልክ 10 ለ1 ነው። በዚህ ላይ አየር በግድ ሲሞጀርበት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ አንዲት ምላስ ለመስበር አንድ ቅጽበት ይበቃል፤ ስብርባሪዋም ግድግዳውን ቧጥጦ በጢሱ መንገድ ሲወጣ ያንኑ ቱርቦ ይመታል። ይህን ለመከላከል የቤንዚን መርጫ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የኮምፒዩተር ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። የእኅታችን ዕቁብ ምናልባት የመጀመሪያውን ዕቃ ይገዛ ይሆናል። ሁለተኛውን ማን ይገዛል?

ባለቤቷ ምሳሌ ቢሻ እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይ ለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችውን ማዝዳ 787ቢ ያስታውስ። ለእያንዳንዱ ዋና ተወዳዳሪ የተፈቀደው ነዳጅ 2,550 ሊትር ብቻ ነበር። የማዝዳ መኪና ክብደቷ 830 ኪሎ በመሆኑ ባለ 1,000 ኪሎ ተቀናቃኞቿ ሲቸገሩ እርሷ ሳትሰበር ዘለቀች። ክብደት መቀነስ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ወንድማችን ከሻንጣ ማስቀመጫው የማያስፈልገውን ዕቃ ያውርድ፤ ዳገቱን ሲጀምርም ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ይንዳው፤ ሮታሪ በዝቅተኛ ዙር ሲታነቅ ጉልበት የለውም።

ለወንድማችን ባለቤትም አንድ ቃል አለን። ጠዋት መኪናዪቱን ከበር ፈቀቅ ለማድረግ አስነሥቶ ወዲያው ማጥፋት በዚህ ሞተር ላይ ክፉ ልማድ ነው፤ ቤንዚን ካንዴላዎቹን አርሶ፣ ዘይቱንም አጥቦ፣ ሞተሩ አልነሣም ይላል። ከተነሣ ሳይሞቅ አይጥፋ።

እኅታችን ለወንድሟ የምትጽፈው መልስ እንግዲህ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ከዕቁቡ በፊት የስድስቱን ጎኖች ቁጥር ይላክላት። ባለቤቷ ያነብላታል፤ በጎኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ራሷ ትቀንሰው።