ካልዲ የሮም ልጅ ነው

ፍየሎቹ ጨፈሩ፤ እረኛው ካልዲ ቀመሰ፤ መነኩሴው ተቆጥቶ ፍሬውን እሳት ውስጥ ጣለው፤ ሽታው ገዳሙን አወደው። ይህን ያልሰማ ቡና ጠጪ ማግኘት ይቸግራል። በካፌ ግድግዳ ተስሏል፣ በቡና ማሸጊያ ታትሟል፣ አስጎብኚውም ለእንግዳ ሁሉ ይደግመዋል። ተረት ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። አሁን አሁን ግን 850 ዓመተ ምሕረት እየተባለ፣ ካፋ በሚገኘው ማንኪራ ጫካ ውስጥ የተፈጸመ ታሪክ ሆኖ ይነገራል።

እስቲ የልደት ማስረጃውን እንይ። ታሪኩን በጽሑፍ ያሰራጨው ፋውስቱስ ናይሮን የሚባል፣ በሮም ያስተምር የነበረ ማሮናዊ ምሁር ነው። ዘመኑ 1671 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ቋንቋው ላቲን። ታሪኩ የሚፈጸመው የመን ውስጥ ነው። እረኛው ስም የለውም፤ የሚጠብቀው ግመል ይሁን ፍየል ጸሐፊው ራሱ ቁርጡን አልተናገረም። መንጋው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ ይላል። ካልዲ የሚለው ስም የገነነው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ዊልያም ዩከርስ በ1922 ባሳተመው ትልቅ የቡና መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

የአውሮፓ ሰው የወደደውን ነገር ሁሉ ከግሪክ ተረት ጋር ማዛመድ ይወድ ነበር። ጣሊያናዊው ተጓዥ ፒየትሮ ዴላ ቫሌ፣ በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ ሄለን ከወይን ጋር ቀላቅላ ያቀረበችው ሐዘን አስረሺ መድኃኒት ቡና ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። የሚዘል ፍየልና የሚጨፍር እረኛም ቢሆን፣ ለእኔ፣ ከካፋ ጫካ ይልቅ የፍየል እግር ያለው አምላክ ፓን ለሚፈነጭበት የግሪክ መስክ ይቀርባል።

የድሮ ተረት እንደ አዲስ መተረኩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ማደሊን ሚለር በ2018 ባወጣችው ልቦለድ ኦዲሴዎስ በመንገዱ የሚያገኛትን ጠንቋይ ሰርሲን ባለታሪክ አድርጋታለች፤ አንባቢው ግን ሆሜርን ገልጦ ያመሳክራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1965 በታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔቱ የግሪክን ትራጄዲ የሚያስታውስ የንግርትና የዕጣ ፈንታ ነገር ከኦዳ ዛፍ ሥር አምጥቶ ተክሎታል። ሥራው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጸጋዬ ስሙን ጽፎበታል። ካልዲ ግን ደራሲው ተፍቆ «ከአባቶቻችን የወረስነው» ተብሎ ቀረበ። የምቃወመው ይህን ነው።

ባለቤትን የመፋቅ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፦ በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የዛሬዋ አገራችን ናት ማለቴ አይደለም። ቢሆንም በ2010 የወጣው «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» ፊልም የአርጎስ ልዕልት አድርጎ በነጭ ተዋናይት ሲያስወክላት፣ ባለቤትን ከገዛ ታሪኩ ማስወጣት ይህ ነው ማለት አያስቸግርም። ማንኪራ ላይ እኛው ራሳችን ያደረግነው ከዚህ በምን ይለያል?

የካልዲ ተረት ቡናን ያወቀው ፍየል ነው ይላል፤ የፈረደው ደግሞ መነኩሴ። ሰው መሃል ላይ ተላላኪ ነው። ካፋ ግን የመጨረሻው ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እስኪማረክ ድረስ የራሱ ነገሥታትና ሥርዓት የነበረው አገር ነው። ቡና ከረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ በሚያድግበት ደን ውስጥ ማር የሚቆርጥ፣ ኮረሪማ የሚለቅም ሕዝብ ፍሬውን ለማወቅ የፍየል ጭፈራ ያስፈልገው ነበር? ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ጎረቤቶቻቸው ግን ሲንቋቸው የኖሩት ማንጆዎች ከተረቱ ውስጥ የሉም። ሴትም የለችም። የሚቆላ፣ የሚወቅጥ፣ የሚያፈላ ማን እንደሆነ በሚታወቅበት አገር፣ የቡና መነሻ ታሪክ ያለ አንዲት ሴት ተነግሮ ማንም «እንዴት?» አለማለቱ ይገርመኛል።

አስቂኙ ክፍል ክርክሩ ነው። ካፋ የቡና መገኛ ማንኪራ ናት ይላል፤ ጅማ በበኩሉ ጎማ ውስጥ ያለችውን ጮጬን ያቀርባል። በሁለቱም ወገን ዘንድ ካልዲ ለምስክርነት ይቆማል። ሮም ውስጥ በላቲን ተጽፎ፣ የመን ላይ የተደረገ ነው የተባለ ታሪክ ለአንዳቸውም ሊመሰክር አይችልም። የአረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ዱር በቀል ሆኖ መገኘቱን ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። ዩኔስኮም በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ይህን የያዘ ሰው እረኛ መዋስ ለምን ያስፈልገዋል?

«ተረት ነው፣ ቱሪስት ያመጣል፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። የሚጎዳው የተዘጋጀ ተረት ካለ ሽማግሌና አሮጊት የሚጠይቅ ስለማይኖር ነው። በካፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊ ኖኖ የሚነገረው የጎሳ ትርክትና የደን ሥርዓት በቃል ያለ ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ካፋ ውስጥ ቦንጋ ከተማ ያለው የቡና ሙዚየም ካልዲን ማሳየት ከፈለገ ያሳይ፤ ከሥሩ ግን «ሮም፣ 1671» ብሎ ይጻፍ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ማንኪራ ወደምትገኝበት ዴቻ ወረዳ ቀበሌዎች ይላክ፤ ሴቶቹንና ማንጆዎቹን አስቀድመው ይጠይቁ። አንባቢ ሆይ፣ ማንኪራ ከሄዱ አስጎብኚዎን ስለ ፍየሎቹ አይጠይቁ፤ የዚያ ደን ባለቤቶች ስለ ቡናቸው ምን እንደሚሉ ይጠይቁ።