የምታጠባ ድመት ድርሻዋ አይቅርባት

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ እንደሚጻፍ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት ከምድጃ ዳር ስለምትተኛው ድመት መጻፍን ነው። አንዳንዶቻችሁ ርእሱን ስታዩ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ብትስቁብኝም አልቀየምም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍርዳችሁን እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ቤታችን ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። በቆሎና ቡና የሚቀመጥበት ቤት አይጥ የማያጣው መሆኑን በካፋ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ወለላ የምንላት ድመት አለችን። ስሟን ያወጡላት አያቴ ናቸው፤ የጠጕሯ መልክ የማር ወለላ ስለሚመስል ነው። ወለላ በሐምሌ ወር ከጓዳ፣ ከጆንያ ኋላ፣ አራት ግልገሎች ወለደች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደኅና ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የጀርባዋ አጥንት ወጣ፤ ጐኗ ተጣበቀ፤ ጠጕሯም ቆመ። ከዚያም ሆዷ ተበላሸና ያስቀምጣት ጀመር። እናቴ አዝና ከታናሽ እኅቴ ወተት ቀንሳ በሳሕን ሰጠቻት። ወለላም አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ላሰችው። በማግሥቱ ተቅማጧ ባሰ። እኛም «ደክማለችና ይጨመርላት» ብለን ወተቱን ጨመርንላት፤ ሕመሙም አብሮ ጨመረ። አባቴ በበኩላቸው «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም፤ አታባልጓት» ይሉ ነበር። እንዲህ ስንከራከር በአምስተኛው ቀን ጧት ከግልገሎቹ ሁሉ ትንሿ ቀዝቅዛ ተገኘች። ታናሽ እኅቴ በጨርቅ ጠቅልላ ከእንሰቱ ሥር ቀበረቻት።

በዚያው ሰሞን ለጎረቤታችን በግ የመጡ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ነበሩ ሄጄ ለመንኋቸው። እርሳቸውም ሳይንቁኝ መጥተው ወለላን አዩአትና «መጀመሪያ ወተቱን አቁሙ» አሉን። ሁላችንም ደነገጥን፤ ድመትና ወተት የማይለያዩ ነገሮች ይመስሉን ነበርና። በዚያን ቀን ከሰማሁትና ከዚያም ወዲህ አንብቤ ካረጋገጥሁት የሚጠቅመውን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ግልገል ድመት የእናቱን ወተት የሚፈጨው በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚሰባብር ንጥረ ነገር በአንጀቱ ስላለው ነው። ካደገ በኋላ ግን ይህ ንጥረ ነገር በአብዛኞቹ ድመቶች እጅግ ይቀንሳል። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ውኃ ይስባል፤ ይቦካል፤ ተቅማጥም ያመጣል። እንግዲህ እኛ መድኃኒት ብለን የሰጠናት ሕመሙን የሚያባብሰውን ነበር። የሚገባት መጠጥ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ወተት የምትሠራው ከውኃ ስለሆነና ተቅማጡም ውኃዋን ስለሚጨርሰው ሳሕኑ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን አለበት።

ስለ ክሳቷም ቢሆን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጤነኛ ከሆነም በየቀኑ 10 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። አራት ግልገሎች በቀን 40 ግራም፣ በሦስት ሳምንት 840 ግራም ይጨምራሉ ማለት ነው። እናቲቱ ራስዋ 3 ኪሎ ብትሆን ከክብደቷ ሩብ የሚበልጥ ሥጋ ከገዛ ሰውነቷ አውጥታ ለልጆቿ ሰጠች ማለት ነው። ይህም ልጆቿ በየቀኑ የሚያቃጥሉትን ኀይል ሳንቈጥር ነው። ስለዚህ የምታጠባ ድመት ከሌላው ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ምግብ ያስፈልጋታል፤ የሚብስባትም ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ነው። ወለላ የተጎዳችው በትክክል በዚህ ጊዜ ነበር።

ምግቧስ ምን ይሁን? ድመት እንደ ነብርና እንደ አንበሳ ሥጋ በል ናት፤ በእንጀራና በቆጮ ብቻ አትኖርም። ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እርሱም የሚገኘው ከሥጋ ነው፤ በተለይም ልብ በሚባለው የሥጋ ክፍል ውስጥ ይበዛል። ሆዷ በታመመ ጊዜ አጥንት የሌለው የዶሮ ወይም የበግ ቀይ ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ተቀቅሎ፣ ተከትክቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ይሰጣታል። የተቀቀለ ዕንቍላልም ይጠቅማታል። ሆዷ ሲረጋ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ የተቀቀለ ልብና ጥቂት ጉበትም ይታከላል። የሚበላ ነገር በድንገት መለወጥ ራሱ ሆድ ያበላሻል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰብሮ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይሰጣት።

ከገበታ የተረፈውን ወጥ ለድመት መስጠት የቈየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ወጣችን ያለ ሽንኵርትና ያለ ነጭ ሽንኵርት አይሠራም፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ። እንዲሁም እኔ ራሴ ወለላ ስታቃስት አይቼ ከቤት ካለው የራስ ምታት እንክብል ልሰጣት አስቤ ነበር። ፓራሲታሞል የሚባለው ይህ መድኃኒት ለሰው መልካም ቢሆንም የድመት ጉበት ሊያጣራው አይችልም፤ አንዲት እንክብል ብቻ ልትገድላት ትችላለች። ይህን ባልሰማ ኖሮ ግልገሎቹን በአንድ ቀን እናት አልባ አደርጋቸው እንደ ነበር ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ።

ባለሙያው የሰጧት መድኃኒት የትል ነበር። የድመት ወስፋት በእናት ወተት በኩል ወደ ግልገሎች ስለሚያልፍ እናቲቱንም ልጆቿንም ማከም ይገባል። ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ስለሚወሰን ለበግ የተገዛውን በግምት ከፍሎ መስጠት አደገኛ ነው። ደግሞም ሰገራዋ ደም ከቀላቀለ፣ የጠጣችውን ውኃ ካስታወከች፣ አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ ድዷ ከነጣ፣ ጡቷ ከቀላና ካተኰሰ፣ ወይም ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ በቤት ውስጥ መሞከር ቀርቶ ወዲያው ወደ ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል። መንቀጥቀጡ በወተት የወጣው ካልሲየም ከደሟ ማነሱን ሊያመለክት ይችላልና ጊዜ አይሰጥም። ወለላ በዐሥር ቀን ውስጥ ዳነች። የቀሩትን ሦስት ግልገሎች ከሰፈራችን ባለ ሱቅ ሚዛን ተውሰን በየሁለት ቀኑ መዘንናቸው፤ ሦስቱም ጨመሩ።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልግባ። አባቴ የተናገሩት ቃል የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የሚነገር ነው። እኔ በአክብሮት የምመልሰው ራሳቸው አባቶቻችን በተረቱት ተረት ነው። ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ ይሉ የለምን? መንኵሳ ያልረሳችውን ዓመል ጥቂት ሥጋ ስለ በላች እንዴት ትረሳዋለች? ድመት አይጥ የምታድነው ስለራባት ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮዋ ስለሆነ ነው። ይልቁንስ የደከመችና ተቅማጥ የያዛት ድመት ለመሮጥም ለመዝለልም ጕልበት የላትም። የበላች ወለላ በመስከረም ወር አይጧን እያመጣች ከአያቴ እግር ሥር ስታስቀምጥ አባቴ አይተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ምስክርነት ቈጥሬዋለሁ።

ሰውና ድመት የተዋዋሉት ዛሬ አይደለም። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላም የዱር ድመት ወደ መንደር ገባች ይላሉ ሊቃውንቱ። ስለዚህ ውሉ በጎተራ ዙሪያ የተጻፈ ነው፤ እርስዋ እህላችንን ትጠብቃለች፤ እኛ ደግሞ መጠለያ እንሰጣታለን። ከዚህ ውል ወጥቶ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው የተመረዘውን አይጥ የበላችውን ድመቱን ይገድላል፤ ዶሮውንና ሕፃኑንም ለአደጋ ያጋልጣል።

«ሕፃናት ወተትና ሥጋ በሚያጡበት አገር ስለ ድመት ቀለብ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝ ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ከላይ ያልሁትን ልብ በሉልኝ። ወተት ለድመት የሚጎዳት ከሆነ ወተቱ ለሕፃኑ ይሁን! እኛ ከእኅቴ አፍ ቀንሰን ለድመቷ ስንሰጥ ሁለቱንም ነበር የበደልነው። ለድመቷ የሚበቃት ዶሮ ወይም በግ ሲታረድ ሰው የማይበላው ቅንጥብጣቢ ሥጋ ነው፤ እርሱንም በደንብ መቀቀል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀን ማስተዋልን ነው።

ሰው ሲወልድ እኛ እንዴት ነን? ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይፈላል፤ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃታል። ላም ስትወልድም መኖና ጨው ይጨመርላታል። አራስ ድመትን ግን ከምድጃ ዳር እናባርራለን፤ ግልገሎቿንም ጆንያ ውስጥ ከትተን ከጫካ ዳር እንጥላለን። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል፤ አንበሳና ነብር ስለሚኖርበት እንኰራለን። የነብር ዘመድ በገዛ ጓዳችን ተርባ ስትሞት የማይከፋን ከሆነ ግን ኵራታችን ከአፍ አያልፍም።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ወላጆቻችን፣ የምታጠባ ድመት ስምንት ሳምንት እስኪሞላ ድርሻዋን ለይታችሁ ስጧት፤ ግልገሎቹም ከዚያ በፊት ከእናታቸው አይለዩ። በክረምት እርጥብ መሬት ላይ እንዳይተኙ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍላቸው። ጓደኞቼ፣ ድመት ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እርጉዝ ሴትም የድመት ዓይነ ምድር አትጥረግ። ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና። መምህራኖቻችን ደግሞ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ቤት እንስሳት አያያዝ አንድ ሰዓት ቢመድቡልን ከብዙ ስሕተት ያድኑናል።

ከእንሰቱ ሥር የተቀበረችው ግልገል ስም አልወጣላትም ነበር። የሞተችውም በክፋታችን ሳይሆን ባለማወቃችን ነው። ክፉ ሰው ጥቂት ነው፤ የማያውቅ ግን ብዙ ነው፤ እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከብዙዎቹ አንዱ ነበርሁ። ትምህርት ቤት የተላክነው ቢያንስ ይህን ለማሳነስ ይመስለኛል።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ