ለዘንገና ከሎጁ በፊት የእግር መንገድ

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። ለዘንገና የተነገረ ይመስላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን ይወርዳል፣ ደጀን ላይ ይወጣል። ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና ጥሊሊን አልፎ እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ረዳቱ በእጁ ወደ ዛፎቹ እያመለከተ «ዘንገና ያ ነው» ይላል። አንገት ይዞራል፣ አንድ ሁለት ስልክ ወደ መስኮት ይዘረጋል፣ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል። በቃ፤ ዘንገና «ታየ»።

ዘንገና ከዋናው አስፋልት ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ብሎ የተቀመጠ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ክብ ነው፣ ዙሪያው በደን የተሸፈነ ጠርዝ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ 166 ሜትር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። ይህን የሚያህል የተፈጥሮ ሀብት አስፋልት ዳር ተቀምጦ መንገደኛው ለምን አይቆምም?

ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ሰላም የለም» ነው። እሱ እውነት ነው፣ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል። ሁለተኛው «ሎጅ የለም» ነው። ይህኛው ግን ሰበብ ነው፤ ከሰበብም አልፎ አደገኛ ሰበብ ነው።

በዚህ አገር የረጅም ርቀት ጉዞ ማረፊያ የሚመረጠው በቦታው ውበት አይደለም። ሹፌርና ረዳት በነፃ የሚበሉበት ምግብ ቤት የት ነው የሚለው ነው የሚወስነው። ነገሩ ያስቃል እንጂ ትልቅ ትምህርት አለው። ምግብ ቤቱ መኪናው እንዲቆም የሚያስፈልገውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል፦ ማቆሚያ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ምግቡ ቶሎ ይደርሳል፣ ሹፌሩ ይከበራል። ማረፊያ የሚባለው ነገር የተፈጥሮ ስጦታ ሳይሆን የሰው ዝግጅት ነው።

ለእግር ተጓዥ የሚያስፈልገው ዝግጅት ደግሞ ከምግብ ቤቱም ያነሰ ወጪ ያለው ነው። ተጓዡ ማወቅ የሚፈልገው አምስት ነገር ብቻ ነው። መንገዱ ከየት ይጀምራል? ዙሪያውን አዙሮ ይመልሳል ወይስ መሀል ላይ ይቋረጣል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከማን ጋር ይሄዳል? ለማን ስንት ይከፍላል? ስለ ዘንገና ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀለቀው ግን ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው። ክቡን ሰማያዊ ውሃ ከላይ ያየ ሰው ሺህ ነው፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ሐይቁ ለድሮን ተዋውቋል፤ ለእግር ገና አልተዋወቀም።

«የእግር ጉዞ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚል ካለ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ይነሳ። በቴሌግራም ተጠራርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ የሚወጡ ወጣቶችን ያያል። ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ አንኮበር ነው የሚሄዱት። ባለደመወዝ ናቸው፣ ተማሪዎች ናቸው፣ የራሳቸውን ስንቅ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ከሎጁ በፊት የሚፈልጉት የታወቀ መነሻና የታወቀ መመለሻ ነው። ዘንገናም ቢሆን ደንበኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የእንጅባራ ነዋሪ አለ፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ሙሽራውን አጅቦ ለፎቶ የሚወጣ ሚዜ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ቋጥኝ መውጣት የሚጠይቁም አሉ። ገመድና ጫማ ገዝተው «የት ይወጣል?» የሚሉ ወጣቶች እየበዙ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ታማኝ መሆን አለበት። የዚህ አገር ሰው ገደል መውጣት ከቪዲዮ አልተማረም። ደብረ ዳሞ የሚወጣው እስከ ዛሬ በጠፍር ገመድ ነው። ገርዓልታ ውስጥ አቡነ የማታ ጉህ የሚደርስ ምዕመን ጫማውን አውልቆ፣ እጅና እግር የሚያርፍበትን ቦታ የአካባቢው ሰው እያሳየው ነው ድንጋዩን የሚወጣው። ሆኖም እነዚህ ለዘመናት ሰው የተመላለሰባቸው፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚይዝና የትኛው እንደሚከዳ የታወቁ ቦታዎች ናቸው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጠርዝ ሌላ ነገር ነው፤ ጠንካራ መስሎ የሚፈረካከስ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ደግሞ 166 ሜትር ውሃ አለ። ባለሙያ ፈትሾ እስኪፈቅድ ድረስ ዘንገና የሚታወቀው በዙሪያ ጉዞ መሆን አለበት። «እዚህ በገመድ አይወጣም፣ እዚህ አይዋኝም» ብሎ በግልጽ መጻፍም ከአስተናጋጅነት ይቆጠራል። ብዙ ማስታወቂያ የሚለጥፍ እንጂ አንድ ሕይወት የሚያተርፍ ሰሌዳ የሚተክል ሲጠፋ ነው ሐዘን የሚመጣው።

አሁን ወደ አደገኛው ሰበብ። «መጀመሪያ ሎጅ ይሠራ» የሚሉ ሰዎች ቢሾፍቱን ሄደው ይዩ። እዚያም እንደ ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ሐይቆች አሉ። ዛሬ በባቦጋያና በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አብዛኛው ዳርቻ በሆቴል፣ በመዝናኛና በግል ቤት አጥር የተያዘ ነው። ውሃውን በቅርብ ማየት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቡና ማዘዝ አለበት። ሆቴሎቹ ሥራ አልፈጠሩም፣ ግብር አልከፈሉም የሚል የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሐይቁን ዙሪያውን በእግር መሄድ የሚፈልግ የከተማው ልጅ በየት በኩል ይለፍ? አጥሩ ሲተከል የእግር መንገድ ስላልነበረ ማንም «መንገዴን ዘጋችሁ» ብሎ የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም። መንገድ የሌለው ሕዝብ መብቱን የሚያሳይበት ምልክት የለውም።

ዘንገና ላይ ነገ የሚመጣው ይኸው ነው። ሰላም ሲወርድ ከተጓዡ ቀድሞ የሚደርሰው ባለሀብቱ ነው። ካርታ ይዞ ይመጣል፣ «ልማት» ይላል፣ የጠርዙን ምርጥ ክፍል ይጠይቃል። ያኔ በጠርዙ ላይ የታወቀ፣ የተለካ፣ ሰው የሚሄድበት የሕዝብ መንገድ ካለ ሎጁ ከመንገዱ ወደ ኋላ ፈቅ ብሎ ይሠራል። ከሌለ መንገዱ የሎጁ ግቢ ይሆናል። አጥሩ ከቆመ በኋላ ስለ መንገድ መጮህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

«እግረኛ ምን ገንዘብ ያመጣል?» የሚሉም አሉ። መልሱ እዚያው አማራ ክልል ውስጥ፣ ደባርቅ ላይ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ የመግቢያ ይከፍላል፤ አስጎብኚ ይይዛል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ በቅሎና ነጂ ይከራያል፣ ወጥ ሠሪ ይቀጥራል። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ ያድራል። በሰላሙ ጊዜ የአንድ እግረኛ ብር በአምስት ስድስት እጅ ይከፋፈል ነበር። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዝናው ከሆቴሉ አልመጣም።

ወንጪም ምስክር ነው። ነሐሴ 2012 ይፋ የሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ወደዚያ ከመድረሱ ከብዙ ዓመት በፊት የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ በተራ ያከራዩ ነበር። ጮቄ ደግሞ ከዚሁ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በዓለም ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ወንጪ በ2021፣ የጮቄ መንደር በ2022 እ.ኤ.አ. ገብተዋል። ሁለቱም ለእግረኛ የተመቹ ቦታዎች ናቸው። የጎጃም መንገድ ላይ ጮቄን፣ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን፣ ዘንገናንና ፋንግ ፏፏቴን ያሰበ ሰው በአንድ ጉዞ ሦስት አራት ጥሩ የእግር ማረፊያ አለው። የጎደለው አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መረጃና አስተናጋጅ ነው።

አዊ ደግሞ ለመደራጀት አስተማሪ የሚያስፈልገው ሕዝብ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ድል እያሰበ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ነው፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያሳየውን ሥርዓት አገር ያውቀዋል። የራሱ መሪ፣ የራሱ ሕግና ቅጣት ያለው ማኅበር በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይበት ምክንያት የለም። በዘንገና ጠርዝ ላይ ፈረስ በተራ የሚያስጋልብ፣ ዋጋውን በሰሌዳ የሚጽፍ፣ ጥፋተኛውን በራሱ ሕግ የሚቀጣ ከእሱ የተሻለ ማን አለ? የፋግታ ለኮማ ገበሬም እንዲሁ ነው። በተራቆተ ማሳው ላይ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ገበያ የፈጠረው ማንም ሎጅ ሠርቶለት አይደለም። ተዳፋት መሬት እንዴት ገንዘብ እንደሚሆን ያውቃል፤ እርከንም መሥራት ያውቃል።

ይህ እውቀት ለመንገዱም ያስፈልጋል። አካባቢው ዝናባማ ነው። ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው የሚወርድ መንገድ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ ዛፉን ነቅሎ አፈሩን ሐይቁ ውስጥ ይከታል። መንገዱ እየተጠማዘዘ መውረድ፣ ውሃ መቀልበሻ ሊበጅለት ይገባል። ለዚህ አካፋ፣ ዶማና አካባቢውን የሚያውቅ ገበሬ ይበቃል። ሲሚንቶ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሰላሙ። ዛሬ ተነስታችሁ ሂዱ ብሎ ሰውን መቀስቀስ ነውር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የአማራ ክልል ሕዝብ ያየውን አይቷል። በሰኔ 2016 መጨረሻ ገደማ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ በጎጃም መንገድ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ልጁን በዚህ መንገድ የላከ ወላጅ ስልኩን እስኪደውል እንቅልፍ የለውም። ስለ ማረፊያ ሲወራ መጀመሪያ መቆም ያለበት እገታው ነው፤ መንገድን ለመንገደኛ መመለስ የመንግሥትም የታጠቀውም ሁሉ ግዴታ ነው። ሰላማዊ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በየትኛውም ዓላማ አይታጠብም።

ነገር ግን «ሰላም ሲመጣ እናስባለን» ማለት ሌላ ነው። ሰላም ሲመጣ የሚያስቡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ግን አስበው ጨርሰዋል። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ የባንጃ ወረዳ፣ ዩኒቨርሲቲውና የፈረሰኞቹ ማኅበር ዛሬ ወረቀት ላይ ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ አለ። የጠርዙን መንገድ የሕዝብ ብሎ መለየትና በካርታ መመዝገብ። ምንም ግንባታ ከመንገዱ ወደ ሐይቁ እንዳያልፍ መወሰን። የአስጎብኚና የፈረስ ተራ፣ የታወቀ ዋጋና ደረሰኝ ማዘጋጀት። ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ማቀድ። የዚህ ሁሉ ወጪ ለአንድ የሎጅ መሠረት ድንጋይ ማስቀመጫ ድግስ ከሚወጣው ቢበልጥ ያስገርማል።

ከዚያ በኋላ ሎጁም ይምጣ፣ ባለሀብቱም ይምጣ። ከመንገዱ ወዲህ ሆኖ ይሥራ፣ ያትርፍ። ረዳቱም አንድ ቀን በመስኮት ማመልከቱን ትቶ በሩን ይከፍትና «ዘንገና! አንድ ሰዓት እንቆማለን!» ይላል።

ሰላም ለመንገዱ፣ ሰላም ለመንገደኛው።