ከመነዳሪ ወይስ ቲዩብለስ? የብስክሌት ጎማ ሒሳብ

ለአስፋልት ብስክሌት ጎማ የሚገዛም ሆነ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከመነዳሪ ያለው ይሻላል ወይስ ቲዩብለሱ? አብዛኛው ሰው መልሱን የሚቀዳው ከመኪናው ነው። «መኪናዬ ከመነዳሪ ከተወ ስንት ዘመኑ፣ ብስክሌቱ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?» ይላል። አባባሉ ያሳምናል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው።

የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ቢሞላ ይበቃዋል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብስክሌት ጎማ ግን እንደ ነጂው ክብደት ከ60 እስከ 80 ሊፈልግ ይችላል። አየሩ ጥቂት፣ ግፊቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ቲዩብለሱ እንደ መኪናው ብቻውን አይተውም፤ ቀዳዳ የሚደፍን የላቴክስ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ፈሳሹ ትንሽ ቀዳዳን ጉዞ ሳይቋረጥ ይደፍናል። ከመነዳሪ በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ መፈንዳቱም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሊያናዊው ሶኒ ኮልብሬሊ የፓሪስ ሩቤን ውድድር በድንጋይ ንጣፍ ላይ ያሸነፈው በቲዩብለስ ነው። ኮብልስቶን ለለመደ የአዲስ አበባ ነጂ ይህ ጥሩ ማስታወቂያ ነው።

ነገር ግን ኮልብሬሊን ይከተለው የነበረው መካኒክ የጫነ መኪና ነው። የእኛን ደንበኛ የሚከተለው ማን ነው? ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል፤ ሙቀትና ደረቅ አየር ደግሞ ያፈጥኑታል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ወጪ ሳይሆን ተመላላሽ ወጪ ነው፤ ያውም ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ተመን በሚመነዘርበት ጊዜ። ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥም ብዙ ጊዜ የእጅ ፓምፕ አይበቃም፤ ኮምፕሬሰር ይፈለጋል። ጎማው በስለት ከተቀደደ ፈሳሹ አይችለውም። ለዚህም ነው ጠንቃቃ የቲዩብለስ ነጂ ኪሱ ውስጥ ከመነዳሪ ይዞ የሚወጣው!

ከመነዳሪን ግን የሰፈር ጎሚስታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈቶ፣ በማስቲሽ ለጥፎ ይመልሰዋል። ሻጩ አንድ ሳንቲም ያላወጣበት የጥገና አገልግሎት በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶለታል። በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይታየው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል። ከፕላስቲክ የሚሠራው አዲሱ ቀላል ከመነዳሪ በኪስ ይያዛል፣ ለጭነትም አያስቸግርም፤ የተለመደው ማስቲሽ ግን አይይዘውም። ለመጠባበቂያ ይሁን።

አስመጪው በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ቸርኬው ላይ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ቸርኬዎች ጎማውን አቅፎ የሚይዝ ከንፈር የላቸውም። በእነዚህ ላይ ግፊቱ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ማለፍ የለበትም፤ የተፈቀደለት ጎማም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውድድር የቤልጂጉ ቶማስ ደ ጌንት ጎማው ከእንዲህ ያለ ቸርኬ ወጥቶ ወደቀ፤ ምክንያቱ ብዙ አከራክሯል። ጎማና ቸርኬን ሳያመሳክር ኮንቴይነር የሚሞላ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

በበኩሌ በኮሪደሩ የብስክሌት መንገድ ሥራ ለሚመላለስ ሰው የምመርጠው ከንፈር ያለው፣ ለቲዩብለስ የተዘጋጀ ቸርኬ ነው፤ ውስጡ ለጊዜው ተራ ከመነዳሪ ይግባበት። ፈሳሹ እንደ ሞተር ዘይት በየሱቁ የሚገኝበት ጊዜ ሲመጣ ከመነዳሪውን አውጥቶ መለወጥ ነው፤ ቸርኬው አይቀየርም። በየሳምንቱ መቶ ኪሎ ሜትር የሚፈጅና ኮምፕሬሰር ያለው ስፖርተኛ ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልገውም።