ውኃና ጦርነት

የዘንገናን ሐይቅ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ውኃው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ለዓይን ያማረ ውኃ ሁሉ ለመጠጥ የተገባ አይደለም። ይህንንም ከቋራ እንማር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ገባ፤ የተሰበሰበው ምእመን ብዙ፣ ንጹሕ ውኃውና መጸዳጃው ግን ጥቂት ነበረና በሽታው ተዛመተ። በዚያው ክረምት በክልላችን ጦርነት በረታ፤ በመተማ በኩልም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ይገቡ ነበር።

ጦርነት ኮሌራን አይፈጥረውም፤ ነገር ግን ሰውን ከቤቱ አፈናቅሎ በአንድ ስፍራ ያከማቻል፣ ሐኪምና መድኃኒት የሚያልፉበትንም መንገድ ይዘጋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ የመጀመሪያው ሐኪም ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የምትጠጡትን ውኃ አፍሉ፤ ከመጸዳጃ መልስና ከማዕድ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢኖር፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ባይገኝ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት፤ እያጠጣችሁም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ኮሌራ በጥቂት ሰዓት ይገድላልና። መሣሪያ የያዛችሁም ወገኖች ሆይ፣ በሽተኛንና ሐኪምን አሳልፉ፤ በሽታው ወገን አይለይም።