ጤናችን፦ እርግዝና ሲጀምር በምን ይታወቃል?

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ስለ እርግዝና መጀመሪያ ነው። ሆድ ከገፋ በኋላ ሁሉም ሰው ያውቃል። ጎረቤት ያውቃል፣ መንገደኛም ያውቃል። እኛ መነጋገር የፈለግነው ሆድ ሳይገፋ ስላለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ እናትየዋ ራሷ አታውቅ ይሆናል። ፅንሱ ግን እያደገ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እስከ እንጦጦ ባለው ዳገት የሚኖሩ እናቶች ሥራቸው ከባድ ነው። ውሃ ይቀዳሉ፤ ገበያ ወርደው ይመለሳሉ። ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱም አሉ። ባሕር ዛፍ ወደዚህ አገር የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ለአዲስ አበባ ማገዶ ሆነላት፤ ለእነዚህ እናቶች ግን ሸክም ሆነባቸው። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ዳገት ላይ ጤነኛም ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስለዚህ አንዲት እናት ቢደክማት «ዳገቱ ነው» ትላለች። ቢያቅለሸልሻት «ጨጓራዬ ተነሣ» ትላለች። ራሷን ቢያዞራት «ብርድ መታኝ» ትላለች። አንዳንድ ጊዜ እውነቷን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ነገሩ እርግዝና ነው። ታዲያ በምን ይለያል?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. የወር አበባ ይቀራል። ወሩን ጠብቆ ለሚመጣላት ሴት ዋናው ምልክት ይህ ነው።

2ኛ. ጡት ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። የጡቱ ጫፍ ዙሪያ ይጠቁራል።

3ኛ. ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ብዙ ሴቶችን ጠዋት ያስቸግራቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያስቸግራቸውም አሉ። የወጥ ሽታ፣ የጢስ ሽታ፣ ትናንት የሚወዱት የቡና ሽታ ሳይቀር ያስጠላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው ወር በኋላ ይተዋቸዋል።

4ኛ. ድካምና እንቅልፍ ይበዛል። የዳገት ድካም አረፍ ሲሉ ይለቃል። የእርግዝና ድካም ግን ተኝተው ሲነሡም አብሮ ይነሣል።

5ኛ. ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሲሸኑ የሚያቃጥል ከሆነ ግን በሽታ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

6ኛ. አምሮት ይመጣል። አንዷ ጎምዛዛ ያምራታል፤ ሌላዋ የምትወደውን ምግብ ማየት ትጠላለች።

እነዚህ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ምንም ሳያማት የምታረግዝ አለች። «በመጀመሪያው ልጄ እንዲህ አልሆንኩም» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። እርግዝና ሁሉ አንድ አይደለም።

ደግሞም የወር አበባ የቀረባት ሁሉ አርግዛለች ማለት አይደለም። ሕመም፣ የምግብ እጥረትና ከባድ ሥራ ወሩን ሊያዛቡት ይችላሉ። በየ3 ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌም ወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። ዕድሜዋ ወደ 50 የተጠጋ ሴትም ወሯ ይዘበራረቃል።

ሁለት ነገሮች ግን ብዙዎችን ያዘናጋሉ። አንደኛው፣ ከፀነሱ በኋላ ጥቂት ደም ጠብ የሚልባቸው ሴቶች መኖራቸው ነው። «ወሬ መጣ» ብለው ይተዉታል። ሁለተኛው ጡት ማጥባት ነው። የምታጠባ ሴት የወር አበባዋ ተመልሶ ሳይመጣ ልታረግዝ ትችላለች። በተለይ ሕፃኑ 6 ወር ካለፈው ወይም ሌላ ምግብ ከጀመረ «እያጠባሁ ነውና አላረግዝም» ማለት አያዋጣም።

እንግዲህ ቁርጡን ለማወቅ ምን ይደረግ? በጤና ጣቢያ የሽንት ምርመራ አለ። አንዲት ሴት ስትፀንስ ሰውነቷ ሆርሞን የሚባል ልዩ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም በሽንቷ ውስጥ ይገኛል። የወር አበባዋ በቀረበት ሰሞን ምርመራው ሊያሳየው ይችላል። «የለም» ከተባለችና ወሯ አሁንም ካልመጣ፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ደግማ ትመርመር።

አሁን ደግሞ የተማርነውን ቁጥር ሥራ ላይ እናውለው። ብዙ እናቶች ወራቸውን የሚያስታውሱት በበዓል ነው። «በሚካኤል ማግስት ነበር» ወይም «ከማርያም በፊት ነበር» ይላሉ። ይህ ጥሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ቀኑን እንጻፈው። የወር አበባ የጀመረበትን የመጀመሪያ ቀን በደብተር ላይ ወይም በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እናድርግ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የምንጠየቀው ይህንኑ ነው።

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። ከዚያ ቀን እስከ መውለጃው 280 ቀን ገደማ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነውና 9 ወር እንቆጥርና 10 ቀን እንጨምራለን። ቆጠራው ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ ግን የምንጨምረው 5 ቀን ብቻ ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን እንጨምራለን።

ምሳሌ፦ ወሯ መስከረም 5 ቀን የጀመረ ሴት 9 ወር ስትቆጥር ሰኔ 5 ይሆናል። 10 ቀን ስትጨምር ሰኔ 15 ነው።

ሌላ ምሳሌ፦ ወሯ ጥር 12 ቀን፣ የጥምቀት ሰሞን ሚካኤል ወደ መንበሩ በሚመለስበት ዕለት ጀመረ እንበል። 9 ወር ስትቆጥር ጥቅምት 12 ይሆናል። መካከል ላይ ጳጉሜ ስላለች 5 ቀን ትጨምራለች፤ ጥቅምት 17 ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ቀን ግምት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ መውለድ ይኖራል። ቢሆንም ለመዘጋጀት ይረዳል።

«ሆዴ ሲገፋ አውቀው የለም እንዴ? ምን አስቸኮለኝ?» የምትል እናት ትኖራለች። የሚያስቸኩል ምክንያት አለ። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ ቅርጽ የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴቶች ገና ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። ለዚህ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ብትጀምረው ይመረጣል። ያልጀመረች ደግሞ ማርገዟን ባወቀች ዕለት ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደም የሚያበዛውን አይረንም አብራ ታገኛለች።

ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒት ነው። «ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው» እያለች ያገኘችውን የምትውጥ ሴት ፅንሷን ልትጎዳ ትችላለች። ቴትራሳይክሊን፣ በተለምዶ «ቴትራ» የምንለው፣ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የልጁን ጥርስና አጥንት ሊጎዳ ይችላል። በተራራችን የሚበቅለው ኮሶም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ እናቲቱን ሊመርዝ፣ ፅንሱንም ሊያስወርድ ይችላል። ስለዚህ ወሯ የዘገየ ሴት መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» ብላ ትናገር። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም ይቅር። እርግዝናው ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ሥራ ሥር መጠጣት ሕይወት ያጠፋል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትማከር።

ሦስተኛው ምክንያት የደም ምርመራ ነው። ደም ማነስ፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ በጊዜ ከታወቁ ይታከማሉ። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት መድኃኒቷን በትክክል ስትወስድ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል እጅግ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንድታደርግ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን ይላል። 12 ሳምንት ማለት 3 ወር እንኳ አይሞላም። ሆድ እስኪገፋ የጠበቀች ይህ ጊዜ ያመልጣታል።

ብዙ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት እርግዝናቸውን ይደብቃሉ። ዓይን እንዳይበላቸው ይፈራሉ፤ ፅንሱ ቢወርድ መጠቋቆሚያ እንዳይሆኑ ይሠጋሉ። ይህን ስሜት እናከብራለን። ለመንደር አትንገሪ፤ መብትሽ ነው። ለአንድ ሰው ግን ንገሪ፤ ለጤና ባለሙያ። የጤና ባለሙያ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ያስተምራሉ። ጤና ጣቢያ ቢርቅ እንኳ እነሱን ማማከር ይቻላል።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። ደም ሲፈስ። በታችኛው ሆድ ኃይለኛ ሕመም ሲኖር፣ በተለይ በአንድ ጎን ከሆነና ራስን የሚያስት ከሆነ። ይህ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ መቀመጡን ሊያመለክት ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም። ትውከቱ ውሃ እንኳ አላስቀምጥ ሲል። ትኩሳት ሲኖር።

መጠነኛ ማቅለሽለሽ ግን በቤት ይታገዛል። ከመኝታ ሳይነሡ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ መቅመስ፣ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ውሃ በየጊዜው ፉት ማለት ይረዳል። ዝንጅብልም የሚያሽላቸው አሉ። ጢስ ካለበት ማድቤት መራቅ ጥሩ ነው።

አባወራዎች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሚስትህ «ደከመኝ» ስትልህ «ምን ሠራሽና?» አትበላት። ሸክሙን አንተ ውሰድ። ወደ ጤና ጣቢያም አብረሃት ሂድ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል እህት ወይም ጎረቤት ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ፅንስ፣ ነፍሰ ጡር፣ ክትትል፣ ምርመራ።

ለ. ማቅለሽለሽ የጨጓራ ብቻ ሳይሆን የእርግዝና ምልክትም ሊሆን ይችላል። አብረውት የሚታዩ ሌሎች ሁለት የእርግዝና ምልክቶችን ጻፉ።

ሐ. የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥቅምት 5 ቀን የጀመረ ሴት መቼ ትወልዳለች ተብሎ ይገመታል? መልሳችሁ ሐምሌ 15 ከሆነ ቆጠራውን አውቃችሁታል።