አንዱ ሲጎድል ሌላው ይተካ



ክረምት እየገባ ነው። ባሮ ሲሞላ ምን እንደሚከተል ለጋምቤላ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌችዎር ስደተኞች መጠለያ በጎርፍ ተውጧል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የተሻገረው ኮሌራ ክልላችን ገብቶ ወገኖቻችንን ነጥቆናል።

ኮሌራ ጊዜ አይሰጥም። ከጠና ሰውን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቶሎ ከተደረሰለት ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ለጠናበት ደግሞ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ተቅማጥ የያዘው ልጇን አዝላ ወደ አንድ ጤና ተቋም ብትሄድ «የዚህ ሥራ ባለሙያዋ ወጥታለች፣ ነገ ተመለሺ» ተባለች። በግቢው ግን የወባው ሠራተኛ፣ የክትባቷ ሠራተኛ፣ መዝገብ ቤቱም ነበሩ። ልጁ በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ሁልጊዜ ግን አይተረፍም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ በአዲስ አበባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከወትሮ ሥራቸው ተነስተው ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት ይለኩ ነበር። ሰው ከሠለጠነ ይችላል ማለት ነው። ሥልጠናው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በሽታው ከገባ በኋላ ማን ያስተምራል፣ ማንስ ይማራል?

ስለዚህ የወባው ሠራተኛ የሰውነት ድርቀት ምልክት መለየትና ኦ.አር.ኤስ. መበጥበጥ ይወቅ። ነርሶች ሁሉ፣ በየትኛውም ክፍል ይሥሩ፣ ለኮሌራ ሕመምተኛ በደም ሥር ፈሳሽ አሰጣጥ ላይ ይለማመዱ። መዝገብ ቤቱ በሽተኛ ሲበዛ በዕለቱ ለወረዳ ማሳወቅ፣ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ የክሎሪን አበጣጠስ መጠን ይማሩ። ዘበኛው ሐኪም ይሁን አላልንም፤ በሽተኛ ደጅ ላይ ወድቆ እያየ ቆሞ አይቅር ነው ያልነው። ደግሞም «ከመቼ ጀምሮ አመመህ? ስንት ጊዜ አስቀመጠህ?» የሚለውን ሁሉም በአኙዋክኛና በኑዌርኛ መጠየቅ ይልመድ። ያልተግባቡትን በሽተኛ ማከም ከባድ ነውና።

ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አቅርበናል። ለሥልጠናው የማህበራችንን አዳራሽ፣ ወንበርና ውሃ እኛ እንችላለን።

ነዋሪውም የራሱን ይወጣ። የመጠጥ ውሃ አፍልተን ወይም በውሃ አጋር አክመን እንጠጣ፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ተቅማጥ የያዘውን ሰው «ይሻለዋል» ብለን ቤት አናቆይ።

የማህበሩ ጽሕፈት ቤት